በሉፉንጋ ግድግዳ ላይ የተሰመረው ሰማያዊ መስመር

ሰኞ፣ ማርች 5

ኔኤማ ዛሬ ለሁላችንም ደብተር አደለችን። «በየቀኑ ያያችሁትን ጻፉበት» አለች። ኔኤማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ወደ እኛ ሰፈር፣ ወደ ምፓፓዪኒ፣ የመጣችው የጎርፍ ካርታ ከነዋሪው ጋር ሆና ልትሠራ ነው። ከነዋሪው ወገን ከተመረጡት አንዷ እኔ ነኝ። ታቡ እባላለሁ፤ በእኛ ቋንቋ መከራ ማለት ነው። አክስቴ «ስም አወጣጥ ላይስ አልተሳሳትንም» ትላለች። ሁለተኛ ደረጃን ጀምሬ ሁለተኛው ዓመት ላይ ከትምህርት ቤቱ ጋር በስምምነት ተለያየን። የርዕሰ መምህሩን ወንበር ሙጫ የቀባው ማን እንደሆነ እስካሁን አልተጣራም።

ሥራው ቀላል ነው። ቤት ለቤት እየዞርን ባለፈው ትልቁ ጎርፍ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ እንጠይቃለን። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት፣ ከደረት በላይ። መልሱን ስልኩ ላይ እንሞላለን፤ ከዚያ በዚያው ልክ ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም እናሰምራለን። ውሃው ጉልበት ከደረሰ ስልኩ አንድ ነገር ጨምሮ ይጠይቃል፦ በቤቱ መራመድ የማይችል ሰው አለ? ካለ ቤቱ ካርታው ላይ ይከበባል፤ የነፍስ አድን ቡድኑም መጀመሪያ የሚሮጠው እዚያ ነው።

ቀለሙ ሰማያዊ የሆነው ቀይ ስለሚያስፈራ ነው። ከወንዙ ማዶ የነበሩት ቤቶች በቀይ ኤክስ ተደርጎባቸው ነው በዶዘር የፈረሱት።

እኔ ግን በዚህ ደብተር የፈለግኩትን ነው የምጽፈው። ኔኤማ ካየችው አይታ ትሳቅ።

ረቡዕ፣ ማርች 7

የምፓፓዪኒ ሰው ሁሉ ቁርጭምጭሚቱ አንገቱ ሥር ነው መሰለኝ። ሁሉም «ቁርጭምጭሚት» ይላል። ማማ ዙሁራ እንኳ፣ ያን ጊዜ ፍራሿ ማንጎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የተገኘው ጎረቤታችን፣ «ኧረ ትንሽ ነው፤ እግሬን ነው የታጠብኩበት» አለች።

«ማማ፣ ይሄ ኤክስ አይደለም። ማንም ቤት አያፈርስም» አለቻት ኔኤማ።

«ልጄ፣ ቀለም ቀለም ነው። ዛሬ አንቺ በሰማያዊ ታሰምሪያለሽ፣ ነገ ሌላው በቀይ ይሰርዛል።»

«ፍራሽሽ ታዲያ ማንጎ ሊበላ ነው የወጣው?» አልኳት እኔ።

ሳቀች። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ወገብ ተባለ።

ኔኤማ በመንገድ ላይ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ሰው ሲስቅ እውነቱን ያወጣል» አለችኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እስከ ማታ ድረስ ማንንም አልነካሁም።

ሐሙስ፣ ማርች 8

የሽማግሌው የምዜ ሉፉንጋ ተራ ዛሬ ነበር። ወንዙ ዳር ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ አረንጓዴ የተቀባ ቤት ያለው እሱ ብቻ ነው። ቤቱን እንደ ሙሽራ ነው የሚያስጌጠው።

«አንተ ሱኩማ፣ ላሞችህን የት አሰርካቸው? ሽታህ ቀድሞህ ወጣ» አልኩት ገና ከበሩ።

«ዛራሞዋ መጣች፣ ኮኮናት ያለው ይደብቅ» አለ። «ሥራ ይዛለች ሲሉ ሰማሁ። የዓለም መጨረሻ ሳይደርስ አይቀርም።»

ኔኤማ ክው አለች። ያደገችው ሌላ አገር ነው፤ እሷ ዘንድ ሽማግሌ አንተ አይባልም። «ምታኒዬ ነው» አልኳት። እኛ ዛራሞዎችና እነሱ ሱኩማዎች ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ምታኒ ነን። ብንሰዳደብ መቆጣት የለም። ዶሮውን ብወስድበት መክሰስ የለም፤ እስኪዋጃት ድረስ የእኔ ናት። ሲሞት መቃብሩ ውስጥ ተጋድሜ «ቦታው ለዚህ ሆድ ይጠባል፣ መልሱት» ማለት እችላለሁ፤ ለቀስተኛው አባብሎ እስኪያስወጣኝ አልወጣም። ኔኤማ ሰምታ ሰምታ «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» አለች።

ከዚያ ጠየቀችው። «ምዜ፣ ውሃው እስከ የት ደረሰ?»

«ቁርጭምጭሚት» አለ።

ሳቄን ዋጥኩት። ያን ጊዜ ከተጣለ ፍሪጅ በሠራነው ታንኳ ባልና ሚስቱን ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ሉፉንጋ ሚስቱን አቅፎ ቁምሳጥን ላይ እንደ ዶሮ ሰፍሮ ነበር፤ ውሃው የቆመ ሰው ደረት ያልፍ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ሸሽቷል፤ ታንኳውን አብሮኝ የቀዘፈው ልጅ ደግሞ አገር ለቋል። ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ።

ሉፉንጋ ዞር ብሎ አየኝ። አፉ ይስቃል፣ ዓይኑ አይስቅም።

ስልኩን ከኔኤማ ተቀብዬ ቁርጭምጭሚት የሚለውን ነካሁ። «ውሃው የሱኩማን እግር ስሞ ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ» አልኩ ጮክ ብዬ፤ በሩ ላይ የቆሙት ተሳሳቁ። ስልኩ መራመድ ስለማይችል ሰው የሚጠይቀውን ዘሎ አለፈ። መስመሩን ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጌ አሰመርኩ። የዛሬው ከሁሉም ቀጥ ብሎ ነው የወጣልኝ።

ስንወጣ ሉፉንጋ የተቆላ ኦቾሎኒ እፍኜን ሞላልኝ። ምታኒ ምታኒውን ካልረዳ ማን ሊረዳው ነው።

ቅዳሜ፣ ማርች 10

አክስቴ የጠበሰችውን ካሳቫ ስሸጥ ዋልኩ። የተረፈውን ለቢቢ ምቡኬ፣ ለሉፉንጋ ሚስት፣ አደረስኩላቸው። ግራ ጎናቸው ከሞተ ቆይቷል። ቃላቸው ትንሽ ነው፤ ትንሿን ግን ያውቁባታል።

«ተሸጠ?» አሉኝ።

«ሁሉም ተሸጠ፣ ይሄ ለእርስዎ የተረፈው ነው።»

«ያረረው» አሉ አገላብጠው አይተው። እውነታቸውን ነው፣ ያረረው ነበር።

እሳቸው ጋ የምሄደው ሬዲዮ ለመስማት ነው። የእኛ ባትሪው አልቋል።

አልጋቸው ዝቅ ያለ ነው። ሉፉንጋ ብቻውን ሲያነሳቸውና ሲያስተኛቸው እንዲቀለው እግሮቹን በመጋዝ አሳጥሯቸዋል። በወንዙ በኩል ያለውን ግድግዳ ተጠግቶ ነው የተዘረጋው። እንዲሁ ነው የጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ማርች 15

ዝናብ። ቀለም አይደርቅም። ማማ ዙሁራ ግድግዳ ላይ ያሰመርኩት መስመር ቀልጦ ጢም አወጣ። እሷም «ባሌን መሰለ» አለች። ሥራ የለም፤ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 20

ካርታው ታትሞ መጣ። በሊቀመንበሩ ቢሮ በር ላይ ተለጠፈ፤ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ አየው። ውሃው የሚጠልቅበት ጥቁር ሰማያዊ፣ ትንሽ የሚሆንበት ሳሳ ያለ፣ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍበት ነጭ ነው። በጥቁር ሰማያዊው መሐል፣ ወንዙ አፍ ላይ፣ አንድ ነጭ ነጥብ አለች። የሉፉንጋ ቤት።

ሊቀመንበሩ በጣታቸው ነኩት። «ይኼ ቦታ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው» አሉ። «ለወንዝ ዳሩ ሰው ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው። ልጅና ሽማግሌ ያለው ዝናብ ሲበረታ መጀመሪያ ወደ ሉፉንጋ ቤት ይግባ። ምዜ፣ ይፈቅዳሉ?»

ሁሉም ሉፉንጋን አየው። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «እንግዳ አልመልስም» አለ።

ተጨበጨበለት። ኔኤማ በትንሽ ቤት ምልክት አደረገችበት።

እኔ ተነሳሁ። «ሊቀመንበር፣ ያ ቤት ይሰምጣል። ሉፉንጋን ቁምሳጥን ላይ ነው ያገኘሁት፤ ውሃው ከደረት በላይ ነበር» አልኩ።

ሳቅ ሆነ። ማማ ዙሁራ ዓይኗን እየጠረገች «አምና አዞ ላይ ተቀምጦ ነበር አላልሽም?» አለች። ብያለሁ። ካቻምና ደግሞ ጣሪያው ላይ ሆኖ ለዓሣ ሲሰብክ አገኘሁት ብያለሁ። ሊቀመንበሩም ስቀው «የምታኒ ምስክርነት በምታኒ ላይ አይደመጥም፤ ተቀመጪ ታቡ» አሉ።

ሳቁ ደግሞ ጥሩ ሳቅ ነበር። ከኋላ ያሉት «ድገሚው» አሉኝ። እጄን ክንፍ አድርጌ የሉፉንጋን አሰፋፈር አሳየኋቸው። ይበልጥ ሳቁ። ሉፉንጋም ሳቀ።

ማታ ነው፣ አክስቴ ተኝታለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ዛሬ ያሳሳቅኩት ግን ውሃው አይደለም። እኔ ምን ላድርግ? ተናገርኩ። ተነስቼ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በግልጽ ተናገርኩ። አናምንም ካሉ የእነሱ ጉዳይ ነው።

ክንፉን ባላሳይ ጥሩ ነበር።

ዓርብ፣ ማርች 23

ለኔኤማ ለብቻዋ ነገርኳት። የቀለም ብሩሽ ስናጥብ።

«የሉፉንጋ ቤት ቁርጭምጭሚት አይደለም።»

እጇን ከባልዲው አወጣች። «እንዴት አወቅሽ?»

«አይቻለሁ።»

«አይተሽ ነበር? ታዲያ ስልኩን የሞላሽው አንቺ አይደለሽ? ለምን ቁርጭምጭሚት አልሽ?»

ፊቷ የርዕሰ መምህሩን መሰለኝ። «ኧረ ቀልዴን ነው» አልኳት።

«ታቡ፣ በዚህ አይቀለድም።» ከዚያ ደግሞ ለስለስ አለችና «ባለቤቱ መጥቶ ይታረም ካለ ዛሬውኑ አርመዋለሁ። በሰው ግድግዳ ላይ የምጽፈው የሰውየውን ቃል ነው፤ ያለዚያ ነገ ማንም በሩን አይከፍትልንም» አለች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትላለች አክስቴ። የእኔ አፍ ወለምታ ሳይሆን ስብራት ነው።

እሑድ፣ ማርች 25

ሬዲዮ ለመስማት ሄድኩ። ቢቢ ምቡኬን ገለበጥናቸው፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል። ሉፉንጋ ራሱ ቅባት ቀባቸው። እጁ ሰፊ ነው፤ ሲቀባ ግን እንደ ሴት ነው። በዚያ ላይ ለማሾፍ ዕድል አገኘሁ፣ አላሾፍኩም፤ ጉሮሮዬን አሞኝ ነው።

ዓርብ፣ ማርች 30

ለሉፉንጋ እውነቱን በእውነት ለመናገር ሄድኩ። በረንዳ ላይ የደረቀ ስኳር ድንቹን ያኝካል።

«የላም መኖ አላለቀም?»

«ቅመሺ፣ ጥርስ ካለሽ።»

«ምዜ» አልኩት። «ዝናቡ እስኪያልፍ ቢቢን ዳገት እናውጣቸው። አክስቴ ጋ ቦታ አለ።»

ማኘኩን አቆመ። «ሰው ዝናብ ፈርቶ ሚስቱን ካወጣ ምን ይባላል? የሉፉንጋ ቤት ይሰምጣል ይባላል። ከዚያ ልጅቷ መስመሯን ደረቴ ላይ ታደርጋለች። ከዚያ ሌላው መጥቶ ኤክሱን ግንባሬ ላይ ያደርግልኛል። አርባ ዓመት ጆንያ ተሸክሜ የሠራሁት ቤት ነው። እሷንስ ከዚህ ሌላ የት አስተኛታለሁ?»

«ውሃው ቢመጣስ?»

«ውሃ ያውቀኛል።»

«ቁምሳጥን ላይ ነው የተዋወቃችሁት።»

አልሳቀም። «አንቺ ራስሽ አይደለሽ ቁርጭምጭሚት ያልሽው? ማን አስገደደሽ?» አለኝ፤ በጣም ቀስ ብሎ።

ኦቾሎኒውን አስታወስኩ። አፌ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 3

አክስቴ የእኛን ሬዲዮ ከፍታ ሙዚቃ ስትሰማ ደረስኩ። «ባትሪ ገዛሽ?» አልኳት። «መቼ አለቀና?» አለች። ወጥቼ ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 7

ዛሬ ለአንድ ሙሉ ቀን በማንም ላይ አላሾፍኩም። አክስቴ ግንባሬን ነካችኝ፣ ትኩሳት መስሏት። ለኔኤማ እንደገና ልነግራት ሞከርኩ፤ ገና «የሉፉንጋ...» ስል «ታቡ፣ ዛሬ ደክሞኛል» አለችኝ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 11

በሬዲዮ ከባድ ዝናብ ይመጣል ተባለ። ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያ እየዞሩ «የወንዝ ዳር ሰዎች፣ ካርታውን አስታውሱ» አሉ። ሰው አስታውሷል። ማማ ዙሁራ የልጆቿን ልብስ በፌስታል ቋጥራ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች። «ወደ የት ነው?» አልኳት፣ እያወቅኩ። «ወደ ምታኒሽ ሆቴል» አለችኝ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 13

ሲዘንብ ዋለ። ወንዙ ቡና ለብሷል። የሙዝ ግንድ፣ ጀሪካን፣ የሞተ ውሻ ሲያልፍ አየሁ። ቢቢ ምቡኬ ጋ ሄድኩ። ግድግዳው በእጅ ሲነካ ላብ አለው።

«ይሰማሻል?» አሉኝ። ወንዙን ማለታቸው ነው። አልጋው ላይ ሆነው በግድግዳው ይሰሙታል።

«ምንም አይሰማኝም» አልኳቸው።

«ውሸታም» አሉና ያቺን ደህናዋን እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

አሁን አንድ ነገር አስቤያለሁ። ምታኒ ሆኜ ስናገር አልታመንም። እሺ። ምታኒ ሆኜ ስሰርቅስ?

እሑድ፣ ኤፕሪል 15

የትናንቱን በተራው ልጻፍ።

ሁለት ጋሪ ገፊዎች ከገበያ አመጣሁ፤ ሁለቱም ዛራሞ። «ምን እንጭናለን?» አሉኝ። «የሱኩማ ንብረት» አልኳቸው። ከዚያ በላይ አልጠየቁም፤ እንደዚህ ያለ ነገር ዛራሞ አይጠይቅም። ሉፉንጋ ላምባ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ጓዳ ገባሁ።

«ቢቢ፣ ልሰርቅዎ መጥቻለሁ።»

«ዘገየሽ» አሉ።

በፍራሻቸው አነሳናቸው፣ ጋሪው ላይ አስተኛናቸው፣ ላስቲክ አለበስናቸው። እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ ባልዲ እየመታሁ «የሱኩማ ሚስት ተሰረቀች፣ ቤዛ ያለው ይምጣ» እያልኩ ጮህኩ። ሰው ዝናቡን ረስቶ ወጣ። ልጆች ተከተሉን። ቢቢ ምቡኬ እንደ ሙሽራ ሰላምታ ይሰጡ ነበር።

ሉፉንጋ መንገድ ላይ ደረሰብን። ላምባውን እንደያዘ ቆመ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ሊቆጣ ነበር፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ እያየ ነው፣ ምታኒም በምታኒ አይቆጣም። ሚስቱን አየ። ጋሪውን አየ። ወንዙን አላየም።

«ሌባ ዛራሞ» አለ በመጨረሻ። «ቤዛዋ ምንድን ነው?»

«ነጯ ዶሮህ። ዳገቱ ላይ፣ አክስቴ ቤት። እጅ በእጅ።»

ሰው አጨበጨበ።

ዳገት ላይ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ አክስቴ አልጋዋን ለቀቀች። ፍራሹን ከሥሩ አደራረቀችው። ብዙም ሳይቆይ ሉፉንጋ ዶሮዋን በብብቱ አቅፎ፣ ውሃ እያንጠባጠበ መጣ። ቢቢ ምቡኬ ዶሮዋን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«በዚህ? ዋጋዬን ከፍ አድርጊ።»

ሁላችንም ሳቅን። ሉፉንጋ ራሱ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ከዚያ በበሩ ወደ ታች አየና ሳቁ ቆመ።

የኳስ ሜዳው ጠፍቷል። ሜዳው በነበረበት ቡናማ ውሃ ይሄዳል። ሰዎች ዕቃቸውን ተሸክመው ወጥተዋል፤ የሚሄዱት ግን ወደ ዳገቱ አይደለም። ወደ ታች፣ ወደ አረንጓዴው ቤት ነው። ማማ ዙሁራ ፌስታሏን አንግታ፣ ልጆቿን በእጇ ይዛ፣ ከፊት ትታያለች።

ሉፉንጋ ዶሮዋን ለቀቃት። ሮጠ። እንደዚያ የሚሮጥ ሽማግሌ አላየሁም። እኔም ከኋላው።

ስንደርስ በረንዳው በሰው ሞልቷል፤ ውሃው ደረጃው ላይ ነው። እኔ ቀድሜ «ውጡ፣ ይሄ ቤት ይሰምጣል» አልኩ።

«ሌባዋ ተመለሰች» አለ አንዱ። «ሚስቱን ወስዳ ቤቱ ቀራት።» ሳቁ። ልጅ ያቀፉ ሰዎች፣ ጫማቸው ውስጥ ውሃ እየገባ፣ ሳቁ። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።

ሉፉንጋ ደረጃውን ወጣና በሩ ላይ ቆመ። ያቺ ሰማያዊ መስመር ከእግሩ አጠገብ ነበረች፤ ውሃው ከበላይዋ ሄዷል።

«እውነቷን ነው» አለ። «ደረት ያልፋል። ቁምሳጥን ላይ ነው የወጣሁት። ቁርጭምጭሚት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ቤቴን ፈርቼ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ዳገት ውጡ።»

ማንም አልሳቀም። ማማ ዙሁራ ትንሹን ልጇን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ትልቋን ሉፉንጋ ትከሻው ላይ አደረገ። እኔም በዚያን ጊዜ የምለው ነበረኝ፤ ግን ልጅ ተሸክሜ ነበርና አላልኩም። መንገዱ ላይ ውሃው ጉልበቴ ጋ ነበር። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ወገቤ ጋ።

ሁሉም ወጡ። ሌሊቱን መስጊዱ ውስጥ አደሩ። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ዶሮዋም።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 16

ውሃው ጎደለ። ከሉፉንጋ ጋር ወረድን። የፊቱ ቤት ቆሟል፣ ጭቃ ብቻ ነው። የጓዳው ግድግዳ፣ በወንዙ በኩል ያለው፣ ወደ ውስጥ ወድቋል። ብሎኬቱ በሙሉ አልጋው ላይ ነው። ከአልጋው የሚታየው በመጋዝ ያጠረ አንድ እግሩ ነው።

ሉፉንጋ ቆሞ አየ። እኔም አየሁ።

«ሌባ» አለኝ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 22

ከጎርፉ በፊት ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ሄዳ የነበረችው ኔኤማ ተመለሰች። ሳትጠራኝ ሄድኩና «የሉፉንጋን ቁርጭምጭሚት አውቄ ነው የሞላሁት፤ ቀልዴን አይደለም» አልኳት። «አንድ ጊዜ ነግሬሽ መልሼ ዋጥኩት።»

«አዎ፣ ስትውጪው አይቻለሁ» አለች። «ያን ጊዜ ልይዝሽ ሲገባኝ ደክሞኝ ነበር።» ከዚያ ብሩሹን ሰጠችኝ። እንደምታባርረኝ ነበር ያሰብኩት።

አሁን ሰው ራሱ ይጠራናል። «የእኔን አርሙልኝ፣ የእኔን አርሙልኝ።» ማማ ዙሁራ አንገቷ ላይ በጣቷ አሰመረች። ኤክሱን አሁንም ይፈራሉ። ግን ያንን በረንዳ ደግሞ ያስታውሳሉ።

ሉፉንጋ ቤት ስንደርስ ራሱ ሊለካ ፈለገ። የጭቃው ምልክት ግድግዳው ላይ አለ። እኔን በጀርባዬ አስጠግቶ አቆመኝና አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አየ።

«ጻፊ» አላት ኔኤማን። «ውሃው እስከ ታቡ አፍ ድረስ ደርሷል። አንድ ጠቃሚ ሥራ ሊሠራ ነበር፣ ትንሽ ቀረው።»

ኔኤማ ስልኩን አየች። «እንደዚያ የሚል የለውም፤ ደረት ወይም ከደረት በላይ ነው ያለው።»

«ከደረት በላይ» አለ ሉፉንጋ። ብሩሹን ከእጄ ወስዶ ራሱ አሰመረ። ጠማማ ነው የወጣው። እኔ ምንም አላልኩም፤ ቀለም አፌ አጠገብ ነበርና።

መራመድ የማይችል ሰው አለ ወይ? ስልኩ ዛሬ ጠየቀ።

«ነበረች» አለ። «ተሰርቃለች።»

ሐሙስ፣ ሜይ 3

ሉፉንጋ የፊቱን ክፍል ጠርጎ ዕቃ ማስቀመጫ አድርጎታል። ኤክስ እስካሁን አልመጣም። ይመጣ ይሆናል። በየቀኑ ዳገቱን ይወጣል። ሰው «ምዜ፣ ዳገት ገባህ እንዴ?» ካለው «እኔ? ቤቴ ወንዝ ዳር ነው። ሚስቴን ሌቦች ይዘውብኝ ነው የምመላለሰው» ይላል። ከአክስቴ ክፍል ጎን በቆርቆሮ አንዲት ክፍል እየሠራ ነው። ስለ ክፍሏ ሲጠየቅ «ቤዛው እስኪያልቅ ማረፊያ» ይላል። የአዲሱ አልጋ እግሮች ረጃጅም ናቸው፤ ሁለት ሆነን ነው ቢቢን የምናነሳቸው።

ዛሬ የደረቀ ስኳር ድንች አመጣ። ቢቢ ምቡኬ አንዷን ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። አይበቃም።

«መቼ ነው የምትመልሻት?» አለኝ።

«ዝናቡ ሲያበቃ።»

«አብቅቷል እኮ።»

«የሚቀጥለውን ነው ያልኩት።»

አሰበበትና «ዛራሞ ሰዓት አያውቅም» አለ። ከዚያ ከጆንያው ውስጥ ሬዲዮውን አወጣ። ከጭቃ ያወጣው ነው፤ ፈትቶ አድርቆ ገጥሞታል። በቢቢ ራስጌ አስቀመጠው።

«አይሠራም» አለ። «ግን እንደበፊቱ ልትሰሚ ስትመጪ ቦታው ባዶ እንዳይሆንብሽ።»

ለዚህ መልስ ነበረኝ። ጥሩ መልስ ነበር፣ ስለ ላም ነው። አላልኩትም። ወደ ውስጥ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቢቢ ምቡኬ ሬዲዮውን አዩና እኔን አዩኝ።

«አሁንስ ለምን መጣሽ?» አሉኝ።

«እርስዎን ላይ» አልኳቸው።